የጥጃና የቡችላ የመጀመሪያ ቀናት
ጥጃ በተወለደ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ቆሞ ጡት ይፈልጋል፤ ቡችላ ግን ዓይኑም ጆሮውም እንደተዘጋ በሆዱ እየተሳበ የእናቱን ሙቀት ይፈልጋል። የላም እርግዝና 280 ቀናት ገደማ፣ የውሻ ደግሞ 63 ቀናት ያህል ሲሆን፣ የጥጃው ነርቮች መልእክትን የሚያፋጥነውን ማይሊን የተባለ ቅባታማ ሽፋን በአብዛኛው ማህፀን ውስጥ ሲለብሱ፣ የቡችላው ግን ብዙው ሥራ ከልደት በኋላ ይከናወናል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ የሽንቱ ነገር ነው፦ ፊኛውን አንጎል ገና ስለማይቆጣጠረው፣ ቡችላው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሸናው እናቱ ስትልሰው፣ በህብለ ሰረሰሩ በኩል በሚመጣ ምላሽ ነው። ዓይኑ በሁለተኛው ሳምንት ይገለጣል፤ ጆሮው ሲከፈትም በድንገተኛ ድምፅ መደንገጥ ይጀምራል። ስለዚህ እናቱ የሞተችበትን ቡችላ የሚያሳድግ ሰው ወተት ከመስጠት ሌላ፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ እንዲሸና ከጭራው ሥር በቀስታ ሊያሸው ይገባል።