ለአሮጌ ሃይሉክስ የትኛው ፋን? የደሴን ዳገት ጭኖ ለሚወጣ

ኦሪጅናሉን፣ ሞተሩ በቺንጋ የሚያዞረውን የራዲያተር ፋን አውልቆ የኤሌክትሪክ ፋን ለመግጠም ያሰበ የአሮጌ ፒክአፕ ባለቤት ይህን አንብቦ ቢወስን እወዳለሁ። እኔን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም። ጋራዥም ሱቅም የሰማሁት ምክር ሁሉ ወደ ተሳሳተው በኩል የሚገፋ ነበር።

መኪናው ሃይሉክስ ኤልኤን 106 ነው፤ ሞተሩ 3ኤል፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የለውም። ከከሚሴ እስከ ኮምቦልቻ ሲነዳ የሙቀት መርፌው ንቅንቅ አይልም። ስምንት ኩንታል ጭኖ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ግን ዳገቱ ሳይጋመስ ወደ ቀዩ ይጠጋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ 2,500 ይደርሳል። በሁለተኛ ማርሽ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ነፋስ በራሱ አይገባም፤ በራዲያተሩ አየር የሚያሳልፈው ፋኑ ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው በዝግታ ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ፋኑን ጠርጥሩ። ሜዳ ላይ በ80 ሲነዳም የሚሞቅ ከሆነ ግን ፋን መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም የውሃ ፖምፑ ደክሟል።

ራዲያተሩን አሳጠብኩ፣ ቺንጋውን ቀየርኩ፣ 0.9 የሚል አዲስ የራዲያተር ክዳን ገዛሁ። ክዳኑን አትናቁት። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደህና ክዳን ግን ግፊቱን ይዞ መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ያለው መኪና የፈለገው ፋን ቢገጠምለት ከመፍላት አይድንም። ቴርሞስታቱንም፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተውን ቫልቭ፣ በድስት ውሃ ፈትሼዋለሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት በ82 መከፈት ይጀምራል እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ወደ 95 ሲጠጋ ነው። የደሴ ውሃ ደግሞ እዚያ ሳይደርስ ይፈላል። በግማሽ ተከፍቶ ቢቆም ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። «ቴርሞስታት ለአገራችን አያስፈልግም፣ አውጣው» የሚለውን ምክርም አትቀበሉ፤ በደሴ ብርድ ሳይሞቅ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ነዳጅም ሲሊንደርም ይበላል።

ፋን ክላቹ፣ ማለትም ሲሞቅ ፋኑን ከሞተሩ ጋር አሲዞ የሚያዞረው ዕቃ፣ ሞቶ ነበር። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ ፋኑን በእጅ ገፋ ስታደርጉት ከብዶ ከአንድ ዙር ሳያልፍ መቆም አለበት፤ የእኔው አራት ዙር ዞረ። ፊቱ ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ነበረው፤ ውስጡ ያለው የሲሊኮን ዘይት ፈስሷል ማለት ነው። የክንፉን ጫፍ ወደፊትና ወደኋላ ስትነቀንቁት ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ኩሺኔታውም አልቋል።

የተሳሳትኩት ከዚህ በኋላ ነው። መካኒኩ «ክላቹንም ፕላስቲኩንም አውጣ፣ በኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ይቀለዋል፣ ናፍጣም ትቆጥባለህ» አለ። ፕላስቲክ ያለው ራዲያተሩ ላይ ተገጥሞ ፋኑን ዙሪያውን የሚከበውን ነው። ሱቁ ባለ 16 ኢንች ፋን ሰጠኝ፤ ካርቶኑ ላይ የሚገፋው አየር መጠን በትልቅ ቁጥር ተጽፏል። ያ ቁጥር ፋኑ ፊት ምንም ሳይጋረጥ የተለካ ነው። ከራዲያተሩ ጋር ሲለጠፍ በጣም ይወርዳል፤ ደሴ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከመግዛቴ በፊት በአምስት ደቂቃ ላሰላው የምችለው ሒሳብ ነበር። ፋኑ 20 አምፔር ይበላል፤ በ12 ቮልት 240 ዋት ነው፣ የአንድ ፈረስ ጉልበት ሲሶ። በቺንጋ የሚዞረው ፋን ግን ክላቹ ሲይዝ ከሞተሩ በርካታ የፈረስ ጉልበት ይወስዳል። ሰዎች «ጉልበት ይበላል» ብለው የሚያሙት ለዚህ ነው፤ ግን ያ ጉልበት ወደ አየር የሚለወጥ ነው። በሲሶ ፈረስ ያንኑ አየር አገኛለሁ ብዬ ማመን አልነበረብኝም።

ሁለተኛው ስህተት ስፋቱ ነው። የራዲያተሬ ፊት 58 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ 2,320 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ባለ 16 ኢንች ፋን 1,300 ያህል ብቻ ይሸፍናል። ዙሪያውን የሚከበው ፕላስቲክ ስለወጣ ፋኑ የሚስበው ፊት ለፊቱ ካለው ክብ ብቻ ሆነ፤ አራቱ ማዕዘኖች አየር አያገኙም። ዳገት ላይ ቆሜ በርቀት በሚለካ ቴርሞሜትር ሳየው የማዕዘኖቹና የመሃሉ ሙቀት በጣም ይራራቃል። ግማሽ ራዲያተር ተሸክሜ ነበር የምወጣው ማለት ነው።

ሦስተኛው ሽቦው። ኤሌትሪሺያኑ ከቁልፉ ላይ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ስቦ፣ ያለ ሪሌይ (ትልቁን ኤሌክትሪክ ከባትሪ በቀጥታ የሚያሳልፍ ማብሪያ) አገናኘው። ዲናሞው ላይ 13.8 ቮልት እያለ ፋኑ ጋ የሚደርሰው 11.2 ነበር። ፋኑ ይዞራል፣ ድምፁም አለ፣ ስለዚህ ደህና ይመስላል፤ ፍጥነቱ ግን ወርዷል። ማታ መብራቱ ሲጨመር ይብሳል። የሽቦው ላስቲክ ለስልሶ እስካየው ድረስ አንድ ወር ነዳሁት፤ እሳት ሊያስነሳ ይችል ነበር።

አራተኛውና ኪሴን የጎዳው አገጣጠሙ ነው። ከፋኑ ጋር የሚመጡት የፕላስቲክ ማሰሪያዎች በራዲያተሩ መሃል አልፈው ይታሰራሉ፤ ወረቀቱም እንዲሁ አድርጉ ይላል። በፒስታ ለሚሄድ መኪና ይህን መመሪያ አትከተሉ። ጠጠሩ ላይ ፋኑ ሲንቀጠቀጥ ማሰሪያው ራዲያተሩን እንደ መጋዝ ይፈገፍጋል። የእኔው ሁለት ቱቦ በስቶ ውሃ ያንጠባጥብ ጀመር። ፋን በብረት ቅንፍ ከራዲያተሩ ጠርዝ ላይ ይታሰራል እንጂ ከመሃሉ ላይ አይንጠለጠልም።

ከሁሉ በላይ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ያ ፕላስቲክ ነው። መካኒኩ ሲያወጣው ሰነጠቀው፣ ከቆሻሻ ጋር ሄደ። እያየሁ ዝም አልኩ። ከፋኑ በላይ ዋጋ ያለው ዕቃ እሱ ነበር።

መፍትሔው ወደ ፋብሪካው ሥራ መመለስ ሆነ። ያገለገለ ፋን ክላች ስትገዙ መደርደሪያው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ እዩ። መኪናው ላይ እንደሚሆነው በቁሙ መቀመጥ አለበት፤ ለወራት ተጋድሞ ከኖረ ዘይቱ ወደ ኩሺኔታው ሊወርድ ይችላል። ፊቱ ላይ ያለችው የተጠቀለለች ስፕሪንግ መታጠፍ የለባትም፤ በራዲያተሩ ያለፈውን የሞቀ አየር አውቃ ክላቹን የምታሲዘው እሷ ናት። ክንፉን አጥቡና ሥሩን ፈትሹ፤ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካለው ተዉት። የተነቀለ ክንፍ ኮፈኑንም ራዲያተሩንም ይቀድዳል።

ሻጮች ክላች አይከፈትም፣ ሙሉውን ግዛ ይላሉ። የቶዮታው ግን በአራት ብሎን ይከፈታል። ሁለቱን ግማሾች ምልክት አድርጌ ከፈትኩት፣ አሮጌውን ዘይት በጨርቅ ጠረግኩ፣ የመገጣጠሚያውን ላስቲክ ሳልነካ ውፍረቱ 10,000 የሚለውን የቶዮታ ሲሊኮን ሁለት ቱቦ ጨመርኩ። አንዱ 18 ሚሊ ሊትር ነው። የሞተር ወይም የካምቢዮ ዘይት በቦታው አይሠራም። ክላቹን በብሎን ቆልፎ መንዳት ለአንድ ቀን፣ ቤት ለመድረስ ይሁን። ከዚያ ካለፈ የውሃ ፖምፑን ኩሺኔታ ያደክማል።

ፕላስቲኩን ስላጣሁ ኮምቦልቻ ላሜራ ቤት በ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ አሠራሁት። ልኩ ይህ ነው፦ ራዲያተሩን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሸፍን፣ በመገናኛው ላይ የጎማ ስትሪፕ ይግባ፣ ቀዳዳው ከክንፉ ጫፍ ዙሪያውን 2 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የክንፉ ወርድ ግማሹ ከቀዳዳው ቀለበት ውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ ይሁን። ሙሉ በሙሉ ከገባ አየሩ መውጫ ያጣል፤ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ከጎን ይስባል። ራዲያተሩና ግንባሩ መካከል ያለውን ክፍተትም በስፖንጅ ድፈኑ፤ አለበለዚያ ሞተሩ ያሞቀው አየር ዞሮ በፊት በኩል ይገባል።

ኩላንት በተመለከተ ማንዋሉ ግማሽ በግማሽ ይላል። እኔ 30 እጅ ኩላንት፣ 70 እጅ የተጣራ ውሃ አደርጋለሁ። የወሎ ብርድ ከዚያ በላይ አይጠይቅም፤ ሙቀት በመሸከም ደግሞ ውሃ ይበልጣል። ከ30 በታች ግን አትውረዱ፣ ዝገት ይጀምራል።

አሁን ያንኑ ስምንት ኩንታል ይዞ ሲወጣ መርፌው ከመሃል ትንሽ አለፍ ብሎ ይቆማል፤ ዳገቱ መሃል ላይ ክላቹ ሲይዝ ፋኑ ሲያጓራ ይሰማል፣ ከዚያ መርፌው ይመለሳል። ከወልዲያ በላይ ያለውን የድልብን ዳገትም በዚሁ ወጥቷል። ላሜራውን ከማሠራታችሁ በፊት ሞተሩ የሚቀመጥባቸውን የላስቲክ ማረፊያዎች ቀይሩ። የእኔዎቹ አሮጌ ስለነበሩ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ክንፉ የቀለበቱን ታችኛ ጠርዝ ይነካ ነበር፤ ላሜራ ቤት ሁለተኛ የተመለስኩት ለዚህ ነው።