በድሩፓል ሞጁል ውስጥ የሰንጠረዥ ለውጥ ሲጻፍ

የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ለሆነው ድሩፓል 7 በጻፍሁት ሞጁል (ተጨማሪ ክፍል) ውስጥ፣ ማሻሻያ 7101 (የዳታቤዙን ሰንጠረዦች ለመለወጥ በቁጥር ቅደም ተከተል ከሚሠሩት ፈንክሽኖች አንዱ) አዲስ ሰንጠረዥ ይፈጥር ነበር፤ ከወራት በኋላ የጻፍሁት 7102 ደግሞ በዚያው ሰንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ ይጨምራል። ሁለቱንም በየጊዜያቸው በኮምፒዩተሬ ላይ ስላስኬድኋቸው እንከን አላየሁባቸውም። ለረጅም ጊዜ ሳይታደስ የቆየ አንድ ድረ ገጽ ግን ሁለቱን በተከታታይ ሲያስኬድ፣ 7102 ላይ ሲደርስ ዓምዱ ቀድሞውኑ አለ የሚል ስህተት አውጥቶ ቆመ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። በ7101 ውስጥ የሰንጠረዡን አወቃቀር ዘርዝሬ በመጻፍ ፈንታ፣ የሞጁሉን ስኪማ፣ ማለትም የሰንጠረዦቹን አወቃቀር፣ የሚገልጸውን ፈንክሽን ጠርቻለሁ። ያ ፈንክሽን የሚመልሰው ሁልጊዜ የዛሬውን መልክ ስለሆነ፣ ኋላ የቀረው ድረ ገጽ ገና 7101 ላይ ሳለ የ7102ን ዓምድ አብሮ ፈጠረው። ዓምዱን በስኪማው ገለጻ ውስጥ መጨመሬ ግን ትክክል ነበር፤ ግዴታም ነው። ሞጁሉ አዲስ ሲጫን ድሩፓል ሰንጠረዦቹን ከዚያ ገለጻ ይፈጥርና፣ ያሉትን ማሻሻያዎች አንዳቸውንም ሳያስኬድ ሁሉም እንደተፈጸሙ ቆጥሮ ከፍተኛውን ቁጥር ይመዘግባል። ስለዚህ አንዱ ለውጥ በሁለት ቦታ ይጻፋል፤ በገለጻው ውስጥ ያለው ከሞጁሉ ጋር እየተለወጠ ይሄዳል፣ በማሻሻያው ውስጥ ያለው ግን በተጻፈበት ቀን እንደነበረ መቅረት አለበት። ድግግሞሽ ስለሚመስል ሊያሳጥሩት ያጓጓል፤ እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ነው።

የዳታቤዝ ሶፍትዌር የሆነው ማይኤስኪውኤል የሰንጠረዥ አወቃቀር ለውጥን በትራንዛክሽን (አብረው በሚጸኑ ወይም አብረው በሚሰረዙ ሥራዎች ስብስብ) ውስጥ ቢሆን እንኳ ወዲያው ስለሚያጸናው፣ የተበላሸውን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። ሌላ የዳታቤዝ ሶፍትዌር የሆነው ፖስትግሬስኪውኤል ይህን ማድረግ ይችላል፤ ሞጁል ጸሐፊ ግን ተጠቃሚው የትኛውን እንደሚይዝ አይመርጥለትም። ከዚያ ወዲህ በአንድ ማሻሻያ ውስጥ ከአንድ የሰንጠረዥ ለውጥ በላይ አላስገባም፤ ምክንያቱም ከሦስት ለውጦች ሁለተኛው ቢወድቅ ድሩፓል የማሻሻያውን ቁጥር ስለማይመዘግብ፣ ቀጣዩ ሙከራ ከመጀመሪያው ይነሳና አስቀድሞ ከተፈጸመው ጋር ይጋጫል።

ለማስተካከል 7101ን በመጀመሪያው መልኩ ዘርዝሬ ጻፍሁት፤ መሃል ላይ ለቀሩት ድረ ገጾች ሲባል ደግሞ 7102 ዓምዱ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ እንዲያጣራ አደረግሁ።

በድሩፓል 8 እና ከዚያ በኋላ በመጡት ስሪቶችም ጉዳዩ በሌላ መልክ ይመለሳል። በቁጥር በተለየ ማሻሻያ ውስጥ ኢንቲቲ (እንደ ጽሑፍ ወይም ተጠቃሚ ያለ የመረጃ አሃድ) ጭኖ ማስቀመጥ አይገባም፤ የዛሬው ኮድ የሚጠብቀው ዓምድ በዚያች ደረጃ ገና ላይኖር ይችላልና። እንዲህ ያለው ሥራ የሰንጠረዥ ለውጦቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ ለሚሠሩት ድኅረ ማሻሻያ ፈንክሽኖች ይተዋል።

አሁን የሞጁሉን የመጀመሪያ ስሪት የዳታቤዝ ቅጂ አስቀምጫለሁ፤ የድሩፓል ዋናው ክፍል (ኮር) ራሱም የማሻሻያ ሙከራዎቹን የሚሠራው ከቆዩ የዳታቤዝ ቅጂዎች ተነስቶ ነው። አዲስ ስሪት ከማውጣቴ በፊት ከዚያ ቅጂ ተነስቼ ማሻሻያዎቹን በሙሉ አስኬድና፣ የተገኙትን ሰንጠረዦች አዲስ ከተጫነው ሞጁል ሰንጠረዦች ጋር ዓምድ በዓምድ አስተያያለሁ።