የድሮ ኮሚክ ልገመግም ወጥቼ ያየሁት አበሳ

ስለ አንድ የልጆች ኮሚክ ሂስ ለመጻፍ ሽንጤን ገትሬ ከቢሮ ሰው ጋር እከራከራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ግማሹን ጣጣ እዘለው ነበር። እናንተ ዝለሉት።

ኮሚኩ በጠፈር ጉዞ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ላይ የተመሠረተው ስታር ትሬክ ነው። የአሜሪካውን ሳይሆን የብሪታንያውን ማለቴ ነው። ተከታታይ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ በኤንቢሲ የታየው እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 ነው። ቢቢሲ ማሳየት የጀመረው ግን ጁላይ 1969 ነበር። ኮሚኩ ቀድሞታል። ጃንዋሪ 1969 ላይ ጆ 90 በሚባል ሳምንታዊ የልጆች መጽሔት መውጣት ጀመረ። መጽሔቱ ቆይቶ ከቲቪ 21 ጋር ተዋሃደ፤ ቲቪ 21 ደግሞ በተራው ቫሊያንት ወደሚባል ሌላ መጽሔት ገባ። ኮሚኩ እስከ 1973 ዘለቀ። ፊልሙ ከቆመ በኋላ እንኳ ዓመታት ኖሯል።

ይህን ቅደም ተከተል ያልያዘ ሂስ ለእኔ ዋጋ የለውም። ብዙዎች ኮሚኩን የሚያነሱት ሊስቁበት ነው። በመጀመሪያዎቹ እትሞች የመንኮራኩሩ አዛዥ ካፒቴን ከርክ «ከርት» ተብሎ ተጽፏል፤ እሱን ይጠቅሱና ያሽካካሉ። ግን ያኔ አንባቢው ልጅ ፊልሙን አላየም። አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ያየ የሰፈር ልጅ ሲተርክልን እንደሰማነው ነው። ለእኛ ፊልሙ ማለት እሱ የተረከው ነበር፤ በኋላ ስናየው ቅር ያለን በፊልሙ ነው እንጂ በልጁ አይደለም።

የጽሑፉ አዘጋጅ የሰጠኝ መመሪያ «ተከታታዩን እንደገና እይ፣ ከኮሚኩ ጋር የማይገጥመውን ዘርዝር» የሚል ነበር። አትስሙ እንዲህ ያለውን። እኔ ፊልሙን ጭራሽ አልከፈትኩም፤ ያኮራኝም እሱ ነው።

ሌላው ሥራ ቀላል ነበር። ኮሚኩ ተሰባስቦ በድጋሚ የታተመበትን መጽሐፍ ገዛሁ። ለንደን ውስጥ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት የአባልነት ካርድ አወጣሁ። ዋናዎቹን መጽሔቶች አዝዤ አየሁ። ስታነቡ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ በአንድ ቁጭታ አትጨርሱት። በሳምንት ጥቂት ገጽ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። የገጹ መጨረሻ ላይ ሁሌም አንድ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ነው። አከታትላችሁ ካነበባችሁት ይሰለቻል፤ ጥፋቱ ግን የአነባበባችሁ ነው።

አሁን ወደ ጉዱ።

አዘጋጁ ለጽሑፉ አንድ ስዕል ፈለገ። እኔ ደግሞ ከኮሚኩ ሠዓሊዎች አንዱ ከሆነው ከማይክ ኖብል ገጾች አንዷን መርጫለሁ። ኖብል ፋየርቦል ኤክስኤል5 የሚባለውን የጠፈር ኮሚክ የሳለ ሰው ነው፤ መንኮራኩሩ ከገጹ ዘሎ ሊወጣ የደረሰ ይመስላል። ስለ እሱ በቃላት ብቻ መጻፍ ሙዚቃን በእጅ ምልክት ማስረዳት ሆነብኝ። እዚያው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ገጿን ፎቶ ላነሳ ስልኬን አወጣሁ። የኮፒ ክፍሉ ሰውዬ ቆመና «ከባለቤቱ የፈቃድ ደብዳቤ አለህ?» አለኝ።

«ባለቤቱ ማነው?» አልኩት።

«እሱን ማወቅ ያንተ ፋንታ ነው።»

በቴሌቪዥን ላይ የተመሠረተ ኮሚክ ችግሩ ይኸው ነው። ገጸ ባሕርያቱ የፊልሙ ድርጅት ንብረት ናቸው። ገጹን ያሳተመው ሌላ ነው፤ እሱም ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። ሠዓሊው ሌላ ሰው ነው፤ ኖብል ደግሞ በ2018 አርፏል። ለማን ይጻፋል? ይህን ስነግረው ሰውዬው ቅጽ ሰጠኝ። ቅጹ ላይ «የባለቤት ስም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። ሦስቱን አጨናንቄ ጻፍኩ። አንድ ስም ብቻ ነው የሚፈቀደው ተብሎ ተመለሰ። አንዱን ብቻ ጽፌ ሳቀርብ ሌሎቹስ አሉኝ። ተረኛዋ ሴትዮ ደግሞ ይህ ቅጽ ለመጽሔት አይሠራም፣ ለመጽሐፍ ነው አለችኝ። ደሜ ፈላ። እስካሁንም ሲታወሰኝ ይፈላል።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ይኸውና። የብሪታንያ የ1988 የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 30 ለሂስና ለግምገማ ሲባል ለሕዝብ ከቀረበ ሥራ ላይ ያለ ፈቃድ መጠቀምን ይፈቅዳል። አጠቃቀሙ ሚዛናዊ መሆን አለበት፤ ምንጩና የሠሪው ስም መጠቀስ አለበት። ስዕሉን ለጌጥ ሳይሆን ስለ እሱ ለመናገር ማቅረብ ነው ቁም ነገሩ። ይህ ሕግ ግን ቤተ መጻሕፍቱ ፎቶ እንዲያስነሳችሁ አያስገድድም። ቤቱ የራሱ ደንብ አለው። ስለዚህ ከደንቡ ጋር አትታገሉ። የተፈለገውን እትም ከአሮጌ መጽሔት ነጋዴ ግዙና ቤታችሁ ስካን አድርጉ። እኔ በመጨረሻ ያደረግሁት ይህንን ነው። «ለጥንቃቄ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ» የሚለው ምክር ለእኔ አልገባኝም፤ ሕግ የሰጠህን ለምን ትለምናለህ? ገጹን በሙሉ ግን አትውሰዱ። አንድ ሁለት ስዕል ይበቃል።

ጽሑፉ ወጣ። ስዕሏም አማረባት። ከሥሯ የጻፍኩት የኖብል ስም ግን የለም። አዘጋጁን ስጠይቀው «ቦታ ጠበበ፤ ደግሞስ ዋናው መጽሔት ላይ ስሙ የት አለ?» አለኝ። እውነት ነው፣ በዚያ ዘመን የብሪታንያ ኮሚኮች የሠዓሊ ስም እምብዛም አያትሙም። ተሟግቼ አስመለስኩት፤ ግን ብዙው ሰው አንብቦ ካለፈ በኋላ ነው።