ሻንጣ ለመምረጥ እስከ ጫንጮ

በዚህ ክረምት ባሕር ዳር የምሄደው በሞተር ሳይክል ነው። የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ መስኮት ማየት ሰልችቶኛል። የቸገረኝ ዕቃው ነበር፤ ልብስ፣ የመፍቻ ጥቅል፣ ለእናቴ የገዛሁት ብርድ ልብስ። ይህን ሁሉ በጀርባ አዝሎ መንዳት ወገብ ይቆርጣል። ከኋላ መቀመጫ ላይ የሚታሰር ሻንጣ ፍለጋ ስዞር ጓደኛዬ «መጀመሪያ የእኔን ሞክረው» ብሎ አዋሰኝና ወደ ጫንጮ ወጣሁ። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገት፣ ብርድና ዝናብ የሚፈልግ ሰው ከዚያ አልፎ መድከም የለበትም።

ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ የጭነት መኪኖችን ጥቁር ጭስ እየጠጣሁ እንጦጦን ተሻገርኩ። ዳገቱ ላይ መሪው ቀለለኝ፤ አልወደድኩትም። የሻንጣው ማሰሪያዎች የሚደርሱት የኋላው ዕቃ መጫኛ ብረት (ፖርቶመጋላ) ላይ ብቻ ስለሆነ ጭነቱ በሙሉ ከኋላ ጎማው መሃል አልፎ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ሲሆን የፊት ጎማው ክብደት ያጣል፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ያ ክብደት በጣም ይፈለጋል።

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ዝናቡ መጣ። ሻንጣው ናይለን ነው፤ ጓደኛዬ የሚኮራበት ግን ዝናብ ሲመጣ ከላይ የሚለበሰው ቀጭን ሽፋን ነው። ይህን ሽፋን የፈለሰፈው ሰው ሞተር ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ አይመስለኝም። ነፋስ ሲገባበት እንደ ፊኛ ተነፋ፤ ጀርባዬን እየመታ ጥቂት አስኬደኝና በአንድ ጎኑ ተገለጠ። የገባው ውሃ መውጫ ስላልነበረው ከሽፋኑ ሥር ተጠራቀመ፤ ሻንጣውም እዚያው ውስጥ ተዘፍዝፎ ጫንጮ ደረሰ። ካልሲዎቼን ስጨምቃቸው የወጣው ውሃ ለአንድ ጀበና ይበቃ ነበር።

ያደርኩበት ማረፊያ 900 ብር አስከፈለኝ። «ሙቅ ውሃ አለ» ብለውኝ ነበር፤ መኖሩ እውነት ነው፣ በባልዲ ይመጣል፣ ለብቻው 50 ብር ይከፈልበታል። ሌሊቱን ሙሉ አይሱዙዎች ከመስኮቴ ሥር ማርሽ ሲቀይሩ አደሩ። ልብሴን ወንበር፣ በርና የአልጋው ራስጌ ላይ አሰጣሁት። ባሕር ዳር ማታ የታጠበ ልብስ ጠዋት ይለበሳል፤ እዚህ ደርቆ የመጣውም ሌሊት ይረጥባል። ብርድ የሚወዱ ሰዎች «አየሩ ንጹሕ ነው» ይላሉ። ይሁንላቸው።

ጠዋት ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ሻንጣውን ሳስር አጠገቤ እህል በአህያ የሚጭኑ አንድ አዛውንት ሥራቸውን አቁመው ያዩኝ ጀመር።

«ልጄ፣ ይሄ ጭነት አይሄድም» አሉኝ።

«ትናንት እኮ ይዤው መጣሁ፣ አባባ።»

«ከእንጦጦ ወደዚህ ቁልቁለት ነዋ! ፍታው።»

ፈታሁት። ሻንጣውን ወደ ፊት ገፍተው እኔ ከምቀመጥበት ጋር አገናኙት፤ መፍቻዎቹን ከላይኛው ኪስ አስወጥተው ወገቤ ከሚደርስበት በኩል ከታች አስቀመጡ። ከዚያ ከራሳቸው ጠፍር ቆርጠው ከመቀመጫው ሥር ካለው ብረት ጋር ሁለቱን የፊት ጫፎች ወደ ፊት፣ ሁለቱን የኋላ ጫፎች ወደ ኋላ ወጠሩ። አራቱ ማሰሪያዎች እርስ በርስ ሲሟገቱ ሻንጣው የትም የሚሄድበት አጣ። በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ያለው ማሰሪያ ጫፉ ቀልጦ ነበር፤ እሱንም ወደ ውስጥ መለሱት። ጎማውን በሚያዞረው ካቴና አጠገብ የተንዘላዘለውን ትርፍ ሲያዩ ግን ተቆጡ፤ ጎማ ውስጥ ቢጠመጠም ምን እንደሚሆን ሳልነግራቸው ገብቷቸዋል። ገንዘብ ብሰጣቸው እጄን መለሱት። ሻይ ግን አልተቃወሙም፣ ስኳሩን አራት ማንኪያ አድርገው ጠጡ።

መመለሻው ላይ መሪው ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ሌላ የምናገርለት ነገር የለውም።

በማግስቱ መርካቶ ስገባ የምፈልገውን አውቄ ነበር። ትልቅነት አላጓጓኝም፤ 40 ሊትር ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ቦታ ካለ የማያስፈልግ ዕቃ ይሞላዋል። ጨርቁ ራሱ ውሃ የማያስገባ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ሸራ መሆን አለበት። ስፌቱ በመርፌ ሳይሆን በሙቀት የተጣበቀ እንዲሆን ፈለግሁ፤ መርፌ ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ነውና። አፉ በዚፕ ፋንታ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ የሚቆለፍ፣ አራት የማሰሪያ ቀለበት ያለው፣ ከኋላው የሚያበራ ጨርቅ የተለጠፈበት አገኘሁ። ሻጩ 6,500 ብር አለ።

«ውሃ አያስገባም?»

«ጠብታ!»

የያዝኩትን የውሃ ጠርሙስ ከፍቼ ሻንጣው ውስጥ ገለበጥኩት። ውስጥ ያለውን ውሃ የማያስወጣ ሻንጣ ከውጭ አያስገባም። ሻጩ ራሱን ያዘ፤ አጠገቡ ያሉ ነጋዴዎች መጥተው ከበቡን። ሻንጣውን አንጠልጥለን ጥቂት ቆየን፤ ከሥሩ ምንም አልወጣም። በ5,200 ብር ተስማማን፤ ውስጡን የማደርቅበት ጨርቅ ግን አልሰጥም አለኝ።