ድንበር ያልተሻገረ ሰው

ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም፤ ወፍጮው ቆሟል። ወንድሜ «ይህችን ለምታህል እህል ናፍጣ አላቃጥልም» ብሎ ጄኔሬተሩን አላስነሳም። ተራ የያዙት ሴቶች ግን አልሄዱም። በደብረ ብርሃን የሐምሌ ዝናብ ጆንያ ተሸክሞ ካምፕ ድረስ መመለስና እንደገና መምጣት ማን ይመርጣል። እኔም የሒሳብ ደብተሩን ከኋላው ገልብጬ ይህን እጽፋለሁ።

ወፍጮ ቤት ለሚውል ሰው የእርዳታ ድርጅቶች ወሬ ቀድሞ የሚደርሰው በጆንያ ነው። ከወለጋ የተፈናቀሉት ከተጠለሉበት ከቻይና ካምፕ የሚመጡት ሴቶች ስንዴ ከያዙ ራሽን ወጥቷል። በቆሎና ማሽላ ቀላቅለው ከመጡ ራሽኑ ዘግይቷል፤ ልጆቻቸው ቀን ሥራ ውለው ከገበያ ሸምተዋል ማለት ነው። ጭራሽ ከቀሩ ምን እንደሆኑ መጠየቁም ያስፈራል። በወረቀት ላይ ያለው ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው፤ ከላዩ ጥቂት ክክና ዘይት። ጆንያው ግን 50 ኪሎ ስለሚይዝ ለብዙ ሰው በጋራ ይሰጣል፤ የሚካፈሉትም እኛ ዘንድ፣ ወፍጮው ፊት ሲሚንቶው ላይ ሸራ ዘርግተው ነው። አንዷ ጣሳ ትይዛለች። ጣሳው ሞልቶ ሲከመር በመዳፏ ትጠርገዋለች፤ የሌሎቹ ዓይን ከመዳፏ አይነሳም። በመጨረሻ ሸራው ላይ የምትቀረውን እፍኝ ማን ይውሰዳት የሚለው ላይ ሲደርሱ ሁሉም ዝም ይላል። ብዙ ጊዜ ሕፃን ላዘለችው ይተዉላታል።

ከዚያ የማስፈጫው ነገር ይመጣል። ገንዘብ ስለሌላቸው ከስንዴው ቆንጥረው ይተዉልናል፤ አለዚያም በር ላይ ለሚጠብቅ ነጋዴ ይሸጣሉ። ጆንያው ላይ እንዳይሸጥ በትልቁ ተጽፏል። ካልተሸጠ ግን አይፈጭም። ይህን የጻፈው ሰው ዓመቱን ሙሉ ንፍሮ የሚበላ ሕዝብ አስቦ ይሆናል።

ሰኔ 2015 ላይ ስንዴው ጠፋ። የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ መጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። እህሉ ከተረጂው እጅ ሳይደርስ በብዛት እየተሰረቀ ገበያ ላይ ተገኘ ነው ምክንያቱ። መሰረቁን አልጠራጠርም። ሌባው ግን በዚያም ክረምት እራቱን ሳይበላ ያደረ አይመስለኝም። የኛ ወፍጮ ላይ የጎደለው የእነዚህ ሴቶች ጣሳ ነው። በየደጁ «ስለ ማርያም» የሚለው ድምፅ በዛ። የሰፈራችን ዕድርም ከሣጥኑ አውጥቶ ጥቂት ኩንታል ገዝቶ ነበር፤ የዕድር ገንዘብ ለቀብር ነው ብለው የተቆጡ አባት ቢኖሩም።

እርዳታው በሰፊው ሲመለስ መጀመሪያ የደረሰው በ2016 መግቢያ ላይ ከሌላ አገር ለመጡ ስደተኞች ነው። ለተፈናቃዩና ድርቅ ለመታው አገሬ ሰው የቀጠለው ከዚያ በኋላ ነው። «እኛስ?» የሚለው ጥያቄ ያኔ ወፍጮ ቤት ገባ፤ እስከዛሬም አልወጣም።

ነገሩን እያነበብኩ የገባኝ ይህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1950 መጨረሻ ሲቋቋም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤት አልባ ለሆኑ አውሮፓውያን ነበር፤ ዕድሜውም 3 ዓመት ብቻ ተብሎ። በ1951 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው ስምምነት ከለላ የሚሰጠው ከአገሩ ውጭ ለሆነ ሰው ነው። በ1969 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባላት እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው በሩን አሰፉት፤ በግል የተሳደደ ብቻ ሳይሆን ወረራና የአገር ሰላም ያናጋ ሁከት ያባረረውም ይግባ አሉ። ቢሆንም ድንበሩን መሻገር አለበት። ከወለጋ፣ ከኪረሙ ወይም ከጊዳ አያና ሌሊት ወጥቶ፣ በየት በየት ዞሮ እኛ ዘንድ የደረሰ ሰው እግሩ የረገጠው መሬት ሁሉ ኢትዮጵያ ነው።

ለእሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ካምፓላ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት ስምምነት አለ፤ አገራችንም በ2012 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። ደህና ሰነድ ነው። ነገር ግን ተፈናቃይን የመጠበቁን ግዴታ በመጀመሪያ የጣለው በራሱ በመንግሥት ላይ ነው፤ ድርጅቶቹ ሲፈቀድላቸው የሚያግዙ ናቸው። ሕጉ ስህተት ነው ለማለት አልደፍርም፤ አገር ላለው ሰው አገሩ ካልጠየቀለት ማን ይጠይቅለታል? ያም ሆኖ ቤቱ ሲቃጠል ማንም ያልደረሰለት ገበሬ አቤት የሚለው ዞሮ ዞሮ እዚያው ቢሮ ነው።

ስደተኛው ተመቸው ማለቴ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመር በመተማ የገቡት ሱዳኖች ኩመርና አውላላ ካምፕ ተመዘገቡ፤ አሻራ ሰጡ፣ ካርድ ያዙ። በሚቀጥለው ዓመት ዘረፋና ግድያ ሲበዛባቸው ብዙዎቹ ካምፑን ጥለው መንገድ ዳር ወጡ። ካርዱ በኪሳቸው ነበር። የኛም ሰው በ2013 ከትግራይ ወደ ሱዳን ሲሸሽ ሐምዳይትና ኡም ራኩባን በመሰሉ ቦታዎች ከ60 ሺህ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከዚያው ጦርነት ድንበር ሳይሻገር የቀረው በብዙ እጥፍ የሚበልጠው ሕዝብ ግን የእህል መኪና መንገድ እስኪከፈትለት ይጠብቅ ነበር። ጦርነቱ አንድ፣ ሸሺውም አንድ ሆኖ።

በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ የኛም ከተማ ግማሹ ዕቃውን ቋጥሮ ነበር። እናቴ በሶ አዘጋጅታ፣ ብርድ ልብስ ጠቅልላ በር ላይ አስቀመጠች። በዚያው ሰሞን የተባበሩት መንግሥታት የውጭ ሠራተኞቹ ቤተሰቦች ከኢትዮጵያ እንዲወጡ ማዘዙን በሬዲዮ ሰማን። እናቴ «እንግዳ መቼም ቶሎ ይነሳል» ብላ አለፈችው። እኔ ግን ያን ቀን የተረዳሁትን አልረሳም፤ እነዚህ ድርጅቶች የመጨረሻው ሰዓት ላይ አብረውህ የሚቆሙ አይደሉም፤ ለዚያም አልተሠሩም።

ገንዘቡም የራሳቸው አይደለም። የምግብ ፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ፣ የስደተኞቹ ኮሚሽን ከሞላ ጎደል በፈቃደኛ መንግሥታትና ለጋሾች መዋጮ ነው የሚኖሩት። በጥር 2017 አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን አገደ፤ ሰኔ ላይ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ወረቀት እዚህ ወፍጮ ቤት ድረስ እንዲህ በፍጥነት ሲወርድ አይቼ አላውቅም።

አሁን በሩ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡት እማማ ነገሩን ከኔ በላይ ያውቁታል። በ77 ድርቅ ጊዜ ደርግ ከወሎ አንስቶ ወለጋ ካሰፈራቸው ናቸው፤ ያኔ ባለትዳር ወጣት ነበሩ። «ያኔ እህል አጥተን ሄድን፣ አሁን ማሽላው እንደቆመ ትተን መጣን» ይላሉ። በነጭ መኪና እንግዳ በመጣ ቁጥር ቀርበው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤ «ቤታችን የምንገባው መቼ ነው?» እንግዶቹ ይጽፋሉ። መጠይቃቸው ስለ ውኃ፣ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ሕፃናት ክትባት ቦታ አለው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ መጠለያው ውስጥም 3.5 ካሬ ሜትር የሚል ዓለም አቀፍ መለኪያ አላቸው፤ እማማ የሚያድሩባት በሸራ የተከፈለች ቦታ ለእሳቸውና ለሁለት የልጅ ልጆቻቸው ያን ለአንዱም አትሞላም። ይህንንም ጽፈው ሄደዋል። መቼ ለሚለው የሚጽፉበት መስመር የላቸውም፤ ቢኖራቸውም መልሱ እነሱ ጋ የለም። በ2016 ወደ ቀያችሁ ተመለሱ ተብለው የሄዱ አሉ፤ እማማ ጎረቤታቸው ሄዶ በሰላም መግባቱን በስልክ እስኪሰሙ አልነቃነቅም ብለው ቀሩ። ስልኩ አልመጣም።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ድርጅቶቹን በማይችሉት ነገር መውቀስ ለሚችለው አካል ዕረፍት መስጠት ነው። ስንዴ ሲያስቀሩ፣ ሌባውን ትተው ተረጂውን ሲቀጡ ይወቀሱ። የመንገዱንና የመንደሩን ሰላም ግን ከነጭ መኪናው መጠበቅ የለብንም። ለዚህ ተጠያቂው አማርኛም ኦሮምኛም ይሰማል፤ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

መብራቱ እስኪመጣ እማማ ማመልከቻ አጻፉኝ። ለሚመለከተው መንግሥታዊ አካል ብዬ ጀምሬ፣ ስማቸውን፣ የወጡበትን ቀበሌ፣ የቀረባቸውን መሬትና ከብት ዘረዘርኩ። ጥያቄው አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ። አንብቤ ሳሰማቸው አሰቡና፣

«ግልባጭ ለዩኤን በይበት» አሉኝ።

«ለየትኛው፣ እማማ? ብዙ ናቸው እኮ።»

«ለሁሉም። እህል የሚሰጠውም፣ የሚጽፈውም ይየው።»

ግልባጭ ብዬ ሁሉንም ዘረዘርኩ፤ የወረቀቱ ግማሽ እሱ ሆነ። ነገ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አባዛዋለሁ። ወንድሜ በመጨረሻ ጄኔሬተሩን አስነስቷል፤ ተራው የእማማ ነው።