ሐረር ያልወጣው ባቡር

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ልቤ ከብዶኝ ዋለ። ምክንያቱን አላውቅም፣ ዝናቡ ይሆናል። ማታ ላይ የድሮ ባቡር ፎቶ መመርመር የሚወዱ ወዳጆቼ አንድ ፎቶ ላኩልኝ። የድሮ የእንፋሎት ባቡር ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ የተበላ። ቀን የለውም፣ ቦታ የለውም። ምርመራው ወዲያው ተጀመረ።

ይህን ነገራቸውን በጣም እወድላቸዋለሁ። መጀመሪያ የሚያዩት ጎማውን ነው። ከፊት ያሉት ትንንሾቹ ስንት ናቸው? በረጅም ብረት የተያያዙት ትልልቆቹስ? ከፊት፣ ከመሃል፣ ከኋላ እያሉ ሲቆጥሩ ፈረንሳዮች አክስል፣ ማለትም ግራና ቀኙን ጎማ የሚያገናኘውን ብረት፣ ይቆጥራሉ፣ እንግሊዞች ጎማ። ስለዚህ አንዱ 1-4-0 የሚለውን ባቡር ሌላው 2-8-0 ይለዋል። ቀጥሎ ሃዲዱ ይታያል። የእኛ የድሮው የጅቡቲ-አዲስ አበባ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ስለሆነ ባቡሩ ከሃዲዱ ግራና ቀኝ ወጣ ብሎ ነው የሚታየው። ከዚያ ጭሱ ይመጣል። ድፍን ጥቁር ከሆነ እሳቱ በደንብ አልነደደም ማለት ነው።

ክርክሩ የጦፈው ግን ባቡሩ ጀርባ ላይ ባለው ጉብታ ነው። አንዱ "እንፋሎት የሚጠራቀምበት ነው" አለ። ሌላው ፎቶውን አጉልቶ ከጉብታው ወደ ጎማዎቹ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አሳየን። የአሸዋ ማስቀመጫ ነው! ብረት ብረት ላይ ይንሸራተታል። ዳገት ላይ ጎማው በባዶው እንዳይሽከረከር ሃዲዱ ላይ አሸዋ ይፈስለታል።

እነሱ ወደ ባቡሩ ቁጥርና ወደ ፋብሪካው አለፉ። እኔ አሸዋው ላይ ቀረሁ። ያን ሁሉ ፉርጎ የሚጎትት ማሽን፣ ትንሽ አሸዋ ካላገዘው ዳገት ያቅተዋል። መቶ ሜትር ሄዶ ሦስት ሜትር ከፍ ማለት ለሰው እግር ምንም አይደለም። ለባቡር ከባድ ነው።

ሐረርን ያሰብኩት ያኔ ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመሩን ፈቃድ ሲሰጡ፣ ከጅቡቲ የሚነሳው ሃዲድ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር። የምሥራቁ ንግድ እኮ እዚያ ነው የሚገናኘው። ግን ሐረር ደጋ ላይ ናት። ሃዲድ እስከዚያ ማውጣት ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፣ ኩባንያው ደግሞ ገንዘብ አጥሮት ነበር። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ሥር፣ ሜዳው ላይ ደርሶ ቆመ። እዚያው ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። ያ ኩባንያ ከስሮ በሌላ ተተክቶ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት ድሬ የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቆየች። የሐረር ነጋዴም እቃውን ይዞ ወደ እሷ መውረድ ነበረበት።

የእናቴ ወገኖች የወረዱት እንደዚያ ነው። የአባቴ አባት ደግሞ ሃዲዱን ተከትሎ መጥቶ ወርክሾፑ ውስጥ ሥራ አገኘ። ባቡሩ ሐረር መውጣት ችሎ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁለት ቤተሰቦች የሚገናኙበት አንዳች ምክንያት አይታየኝም። ከዚራ የሚባለው የድሬ ሰፈር የለም፣ የእነ እማማ ግቢ የለም፣ እኔም የለሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ድሬ ሳወራ ይህ አንድም ቀን በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም። ዛሬ ሲመጣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

አሁን ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ሰው ከባቡር ወርዶ፣ መኪና ይዞ ነው ድሬ የሚገባው። ያዝናል ልቤ። ጣቢያ የወለዳት ከተማ ጣቢያው ሲርቃት እያየሁ ዝም ማለት ይከብደኛል። ሐረሮችም ያኔ ንግዱ ቁልቁል ሲወርድባቸው እንዲሁ ተሰምቷቸው ይሆናል።

ግን ባለፈው ስመጣ እዚያ አዲሱ ጣቢያ አካባቢ ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች አይቻለሁ። ሹፌሮቹ በስማቸው ይጠሯቸዋል። እኔ የማዝንበት ቦታ ላይ አሁን ሰው እየተዋወቀ ነው። ታዲያ ከእነሱ የልጅ ልጆች አንዱ፣ ጣቢያው ከከተማው ባይርቅ ኖሮ እኔ አልወለድም ነበር የሚልበት ቀን ይመጣ ይሆን?