ቤቱ በወንድሜ ስም ነበር

አሜሪካ ዜግነት የወሰድኩ ቀን ሲያትል ያሉ ጓደኞቼ ቤቴ መጥተው ቡና አፈሉልኝ። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። ሀገራችን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። እንግዲህ ሀዋሳ ላይ በስሜ ቤት ሊኖረኝ አይችልም አልኩ። ማንንም አልጠየቅኩም፤ በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ የሚለው እንደዚያ ነበር።

ስለዚህ ቤቱን በታናሽ ወንድሜ ስም አሠራሁ፣ አቶቴ አካባቢ። በ2010 ዓ.ም. ብቻ 20 ሺህ ዶላር ላክሁ። በአረጋውያን መንከባከቢያ ስምንት ዓመት ሌሊት እየሠራሁ ያጠራቀምኩት ነው። ያኔ ዶላሩ 27 ብር ገደማ ስለነበር፣ 540 ሺህ ብር ሆነ። ወንድሜ ሳንቲም አላጠፋም። እንደሱ ያለ ታማኝ ሰው አላውቅም።

በ2017 መጀመሪያ ላይ በድንገት ታሞ ሞተ። እኔ የደረስኩት ለአርባው ነው።

ከተዝካሩ በኋላ ጠበቃ አማከርኩ። ካርታው የሚያውቀው ወንድሜን ነው። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት ደግሞ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። አይደለም የሚል ሰው ማስረዳት አለበት። ግማሹ የሚስቱ ነው፤ የሟች ግማሽ ለልጆቹ እኩል ይከፋፈላል። ልጆች ካሉ እህት አትወርስም።

ይህን ሰምቼ ዝም አልኩ። የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ቢጫ ካርድ የለሽም እንዴ?» አለኝ ጠበቃው።

የለኝም። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ከቪዛ ነፃ ለመሆን ብቻ ይመስለኝ ነበር። አዋጅ ቁጥር 270/1994 አውጥቶ አሳየኝ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ሰው በስሙ ቤት ማፍራት ይችላል። መምረጥና መመረጥ አይችልም፤ ቤት ግን ይችላል። እኔ የመጀመሪያውን ዶላር በላክሁ ጊዜ ይህ አዋጅ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የወንድሜ ሚስት ከእኔ በላይ ተጨንቃለች። አንድ ማታ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ እሱ ያስቀመጠው ነው» አለችኝ። ውስጡ የላክሁት ገንዘብ ደረሰኝ ሁሉ አለ። ጀርባው ላይ በእጁ ጽፏል፦ ለመሠረት፣ ለብረት፣ ለጣሪያ። ሁለታችንም አለቀስን።

«540 ሺውን ቀስ እያልኩ ልክፈልሽ» አለች። ከልቧ ነው። ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ዶላሩ ከ100 ብር አልፏል። ያ ገንዘብ ዛሬ 5,400 ዶላር እንኳ አይሞላም። የላክሁትን ዶላር በሙሉ ለመመለስ ደግሞ ቤቱን መሸጥ አለባት፤ የወንድሜ ልጆች የት ይገባሉ? ጉዳዩን ወደ ክርክር መውሰድ አልቻልኩም።

ሽማግሌ ተቀምጦ ተስማማን። ትልቁ ቤት የእሷና የልጆቹ ሆነ። ጓሮ ባለው ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ላይ ለእኔ በሕይወት እስካለሁ የአላባ መብት ተሰጠኝ። ልኖርበት፣ ላከራየው እችላለሁ፤ ልሸጠው አልችልም። ስምምነቱን ፍርድ ቤት አቀረብን። ልጆቹ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ዳኛዋ የእነሱን ጥቅም ደጋግማ አየች። ደስ አለኝ። ጸደቀ።

ለጠበቃው ውክልና የሰጠሁት ከመመለሴ በፊት እዚያው ሀዋሳ ሆኜ ነው። ከዚህ ብልከው በኤምባሲ መረጋገጥ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መታየት ነበረበት። ለእረፍት የምትሄዱ ይህን ብታስቡበት ብዙ ድካም ትቆጥባላችሁ።

በ2017 መጨረሻ የውጭ ዜጎች ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅደው አዋጅ ሲወጣ ስልኬ አላረፈም። «ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር ተባልን፣ አበቃልን» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ የምመልሰው አንድ ነው፦ እሱ ትውልዱ ከኢትዮጵያ ላልሆነ ሰው ነው፣ ለእኛ የ1994ቱ አለልን።

አብራኝ ሌሊት የምትሠራ ልጅ በእህቷ ስም ሀዋሳ ቤት ልትገዛ ገንዘቡን አዘጋጅታ ነበር። ቆይ አልኳት። ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ወጥተን እኔ ቤት ሄድን። የድሮ ፓስፖርቷን ከሻንጣ ሥር አገኘችው። የቢጫ ካርዱን ማመልከቻ የእሷንም የእኔንም አንድ ላይ ሞላን።